አንድ የስፌት መስመር፣ ብዙ ቋንቋ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚቆየውና የሚለቀው በምን ምክንያት ነው?

በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚ፣ በአዳማ ወይም በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ነገር ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት አዲስ ተቀጣሪዎች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ውል ይፈርማሉ፣ ባጅ ይወስዳሉ። ሦስት ወር ሳይሞላ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ለምን እንደለቀቁ ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ደመወዙ አልበቃኝም» ይላሉ።

መልሱ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ የጀማሪ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ገበያው ብዙ ተገለባብጧል። ኅዳር 2014 ላይ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ተሰረዘች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ብርም በዶላር አንጻር ብዙ ወረደ። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፍቷል እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ኦፕሬተር (የስፌት ማሽን ሠራተኛ) ደመወዟን የምታነጻጽረው ጎን ካለው ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ጋር ብቻ አይደለም። ከኮንስትራክሽን የቀን ሥራ፣ ከካፌ፣ ከጉልት ንግድ፣ ወደ ሳዑዲና ዱባይ ከሄደች እኅቷ ጋር ነው።

ይሁንና የሚከፍሉት እኩል ሆኖ አንዱ ሼድ ሰው ሲይዝ ሌላው ሲያፈስ ይታያል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያያዝ ነው ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ሕዝብ አይደለም። ሐዋሳ ላይ አንድ መስመር ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንትና አድቬንቲስት አሉ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችና ዲፕሎማ የያዘች፣ ልጅ ያላትና ገና ከእናቷ ቤት የወጣች አሉ። ከላይ ደግሞ ከሕንድ፣ ከስሪላንካ ወይም ከቻይና የመጣ ቴክኒሻን አለ። ልዩነትን ማስተዳደር ማለት ኅዳር 29 የባህል ልብስ ለብሶ መጨፈር የሚመስላቸው ድርጅቶች አሉ። በዓሉ ይከበር፣ ደስ ይላል። ሰው የሚቆየው ግን በማግስቱ በሚያገኘው ነገር ነው፤ የታዘዘው ሥራ ገብቶታል ወይ፣ ደመወዙ እንዴት እንደተሰላ ያውቃል ወይ፣ ጾሙን መጾም ይችላል ወይ፣ አለቃው የአገሩን ልጅ ሲያስቀድም ለማን ይናገራል።

ከመቅጠር በፊት የሚነገረው

ከወረዳና ከቀበሌ ሰው ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጠቅላላ ገቢው ነው፦ መነሻ ደመወዝ፣ የመገኘት ጉርሻ፣ ምሳ፣ ሰርቪስ፣ ትርፍ ሰዓት ሁሉ ተደምሮ። ልጅቷ ያንን ቁጥር ይዛ ትመጣለች። በመጀመሪያው ወር እጇ ላይ የሚደርሰው ግማሹ ሲሆን ተታለልኩ ትላለች፣ ትክክልም ናት። መነገር ያለበት የተጣራው ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በምትሰማው ቋንቋ፦ መነሻው ይህን ያህል፣ ጡረታና ግብር ሲቀነስ ይህን ያህል፣ አንድ ክፍል ቤት ለአራት ሲከራዩ የአንዷ ድርሻ ይህን ያህል፣ የእራትና የቁርስ ይህን ያህል፣ የሚቀረው ይህን ያህል። የኪራዩንና የምግቡን ዋጋ ቢሮ ቁጭ ብሎ መገመት አያስፈልግም፤ በዚያው ወር ተከራይተው ያሉ ሠራተኞችን መጠየቅ ነው፣ በየሦስት ወሩም ማደስ።

ሁለተኛው ወጥመድ የመጀመሪያው ክፍያ ነው። የደመወዝ መዝጊያ በ25 ከሆነና ልጅቷ በ20 ከተቀጠረች፣ በመጀመሪያው ክፍያ የምታገኘው የጥቂት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉ ወር በብድር ትኖራለች። ከቤት ይዛ የመጣችው ገንዘብ አልቋል፣ አከራይ ቅድሚያ ጠይቋል። በዚህ ጊዜ የቀን ሥራ ቢገኝ መሄዷ አይቀርም፤ ማታውኑ ይከፈላታላ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለአዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክፍያ በየ15 ቀኑ ይሁን። የደመወዝ ክፍሉን ሥራ ይጨምራል፣ ግን አዲስ ሰው ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ መስመር ላይ እስኪደርስ ከሚወጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ቅድሚያ ብድር ከተሰጠ ደግሞ በጽሑፍ ስምምነት ይሁን፣ ተቀናሹ ሁሉ ተደምሮ በወር ከደመወዟ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ሕጉ ወስኗል።

የደመወዝ ወረቀቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፤ በፋብሪካ ውስጥ ያለው ጥርጣሬ ብዙው ከዚህ ወረቀት ይወለዳልና።

ለስሌት እንዲመች መነሻ ደመወዟ 4,160 ብር የሆነች ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ስትሠራ ወሩ በተለምዶ 208 ሰዓት ተደርጎ ይያዛል፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። 4,160 ለ208 ሲካፈል ሰዓቷ 20 ብር ነው። በአዋጅ 1156 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ 35 ብር። በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ 40 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5፣ 50 ብር። በወሩ ውስጥ በሥራ ቀን 10 ሰዓት፣ በዕረፍት ቀን 4 ሰዓት ትርፍ ከሠራች 300 ሲደመር 160፣ በድምሩ 460 ብር ይደርሳታል። ጡረታ ከመነሻው ላይ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ 291 ብር ከ20 ሳንቲም። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ 457 ብር ከ60 ሳንቲም ይጨምርላታል። ይህን የአሠሪውን ድርሻ ወረቀቱ ላይ የማይጽፉ ብዙ ናቸው፤ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ለእሷ ጡረታ የተወሰደባት ገንዘብ እንጂ የተቀመጠላት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ «ትርፍ ሰዓት 460» ብቻ ከተጻፈ ማንም አያምነውም። በየረድፉ ሰዓቱ፣ ተባዢው፣ ብሩ ተለይቶ ይጻፍ፦ 10 በ30፣ 4 በ40። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ከዚሁ ጋር መቆጣጠር ይቻላል። የርዕስ ቃላቱ በአማርኛና ፋብሪካው ባለበት አካባቢ ቋንቋ ይሁኑ። እንግሊዝኛ ብቻ የሆነ የደመወዝ ወረቀት በስምንተኛ ክፍል ለወጣች ልጅ ባዶ ወረቀት ነው። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢገባም ወረቀቱ አይቅር፤ ስልኳ ላይ የሚደርሳት መልእክት ድምሩን ብቻ ነው የሚነግራት። ከክፍያው ሁለት ቀን በፊት የሰዓት ዝርዝሩን በየመስመሩ ለጥፎ ስህተት ያለው እንዲናገር ማድረግ ደግሞ የክፍያውን ቀን ጩኸት በግልጽ ይቀንሳል።

የመገኘት ጉርሻም እዚህ ይነሳል። በወር 300 ብር ተብሎ አንድ ቀን የቀረች ሁሉንም የምታጣ ከሆነ፣ በወሩ ሦስተኛ ቀን የታመመች ልጅ የቀሩትን ቀናት የምትጠብቅበት ጉርሻ የላትም። እንዲያውም መቅረቱ ይበረታል። 300ውን በአራት ሳምንት ከፍሎ ለየሳምንቱ 75 ማድረግ ይሻላል፤ አንዱን ሳምንት ብታጣ ሦስቱ ይቀራታል። ነፍሰ ጡር ለምርመራ የወጣችበት ሰዓት ከክፍያ ጋር የተፈቀደ ስለሆነ ጉርሻውን ሊያስቀር አይገባም።

ሰዓቱና ወሩ

የጣት አሻራ ማሽኑ 07:02 ያትማል፣ ልጅቷ የገባችው 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። ለቆየ ሰው ግልጽ ነው፣ ለአዲስ ተቀጣሪ ግን የገባችበት ሰዓት የተሳሳተ ይመስላታል። ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያሳይ ሰሌዳ ማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ፤ የሺፍት ማስታወቂያም ሁሌ «ቀን 8 ሰዓት» ተብሎ በእኛው አቆጣጠር ይጻፍ። የውጭ አገር ሱፐርቫይዘር «በ2 ሰዓት ኑ» ብሎ ከቀትር በኋላ ሲጠብቅ ሠራተኞቹ ጠዋት መጥተው የሚመለሱበት ጊዜ አለ። ሌላም አለ፦ ከእርሻና ከድንጋይ ሥራ የመጡ ልጆች የጣታቸው አሻራ ስለሚፋቅ ማሽኑ አያነበውም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጣት ይመዝገብላቸው፣ ካልሆነ የፊርማ መዝገብ ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ የሠራችበት ቀን እንደቀረች ይቆጠራል።

ወሩም እንዲሁ። የደመወዝ ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? በእኛ ከሆነ ጳጉሜን ምን ይሆናል? ነሐሴ ውስጥ ተጠቃሎ ነው የሚከፈለው ወይስ ለየብቻ? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ መስከረም በመጣ ቁጥር ክርክሩ ይነሳል። በየትኛው አቆጣጠር እንደሚከፈል በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ በቂ ነው።

መስመሩ ላይ ሥራ እንዴት ይነገራል

አዲስ ሰው ሲሠለጥን የተለመደው ቅደም ተከተል ጥሩ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ክር ወረቀት ላይ የተሰመረ ቀጥታ መስመር፣ ከዚያ ጠመዝማዛ፣ ከዚያ ማዕዘን፣ ከዚያ ምልክት ላይ ማቆም፣ ቀጥሎ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ቀላል ኦፕሬሽን (አንድ የስፌት ደረጃ)። የሚበላሸው ማብራሪያው ነው። አሠልጣኙ በአማርኛ በፍጥነት ያስረዳና «ገባሽ?» ይላል። መልሱ ሁሌ «እሺ» ነው። አማርኛ ያልለመደች ልጅ አልገባኝም ብላ በሰው ፊት ማፈር አትፈልግም። ስለዚህ «ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ከሥልጠና ክፍሉ ይውጣ፣ በቦታው «አሳዪኝ» ይግባ። አሠልጣኙ አንድ ጊዜ ዝም ብሎ በዝግታ ይሥራ፣ ሁለተኛ እየተናገረ ይሥራ፣ ሦስተኛ ልጅቷ እየሠራች በራሷ ቋንቋ ለጓደኛዋ ትንገር። ቋንቋውን የማይሰማ አሠልጣኝ እንኳን ከእጇ ያውቃል።

ታርጌት (በሰዓት የሚጠበቅ ምርት) አሰጣጡ ከዚህ ጋር ይሄዳል። አንድ ኦፕሬሽን 0.6 ደቂቃ ከተመደበለት መቶ በመቶ የሚሠራ ሰው በሰዓት 100 ፍሬ ያወጣል። ከሥልጠና ክፍል የወጣች ልጅ 30 ብታወጣ ደህና ናት። እሷን በ100 ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ በየሰዓቱ ቀይ መጻፍ በሳምንት ውስጥ ማባረር ነው። በራሷ መሰላል ትሂድ፦ 30፣ 45፣ 60፣ 70፣ በየሳምንቱ። ሰሌዳው ላይም ከመስመሩ ሳይሆን ካለፈው ሳምንቷ ጋር ትነጻጸር።

መርፌ ሲሰበር የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንይ፣ ብዙ ነገር ያሳያልና። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑን ማቆም፣ እጅ ማንሳት፣ ስብርባሪውን ሁሉ መሰብሰብ፣ መዝገቡ ላይ በፕላስተር መለጠፍ፣ የጎደለ ካለ ባንድሉን (የታሰረውን የጨርቅ ጥቅል) ለይቶ በብረት መፈለጊያ ማሳለፍ፣ አዲስ መርፌ መስጠት በአሮጌው ልውውጥ ብቻ። ይህ ሥርዓት የሚፈርሰው በፍርሃት ነው። የመርፌ ዋጋ እቆርጣለሁ የሚል ላይን ሊደር (የመስመር አለቃ) ካለ ወይም በሰበረችው ላይ በመስመሩ ፊት የሚጮኽባት ከሆነ፣ ልጅቷ ከጎረቤቷ መርፌ ተበድራ ዝም ትላለች። ስብርባሪው የሕፃን ልብስ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ገዢው ጋ ሲገኝ ሙሉ ጭነት ይመለሳል። ሥርዓቱ በአምስት ፎቶ ተሠርቶ ከየማሽኑ በላይ ይሰቀል፣ ቃል አያስፈልገውም። ስብራትን ሪፖርት ያደረገች ሰው አትቀጣም የሚለው ግን በአፍ፣ በየቋንቋው፣ በላይን ሊደሩ በራሱ መነገር አለበት።

በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው አይጠፋም፣ ሁሉም ነገር በእሱ በኩል ማለፍ ይጀምራል። ይህ አደጋ አለው። አስተርጓሚው ቀስ በቀስ በረኛ ይሆናል፤ ፈቃድ የሚያስወስደው፣ ቅሬታ የሚያደርሰው ወይም የሚያስቀረው እሱ ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ሰው ይመደብ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ ለዚህ ሥራ ትንሽ አበል ይከፈላቸው፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ ግን ከሌላ መስመር የመጣ አስተርጓሚ ይገኝ።

አዲሶችን ማስቀመጥም ብልሃት አለው። ከአንድ ቀበሌ የመጡትን ሁለት ሁለት አድርጎ አንድ መስመር ላይ፣ ቋንቋቸውን ከምትችል የቆየች ኦፕሬተር አጠገብ ማድረግ ጥሩ ነው። ብቻዋን የተጣለች ልጅ ቶሎ ትሄዳለች። መስመሩን ሙሉ በሙሉ ከአንድ አካባቢ መሙላት ግን ስህተት ነው፦ በዚያ አካባቢ በዓል ወይም ኀዘን ሲሆን መስመሩ ይቆማል፣ ጠብ ሲነሳም መስመር ከመስመር ወደ ብሔር ከብሔር ይለወጣል።

አድልዎ የሚታየው የት ነው

የአድልዎ ክስ የሚነሳው በዕድገት ላይ ብቻ ይመስለናል። መስመር ላይ ያለው አድልዎ ግን በየቀኑ ነው፦ ቀላሉን ባንድል ማን ወሰደ፣ ጠንካራው ማሽን ለማን ደረሰ፣ ትርፍ ሰዓት ሲገኝ ማን ተጠራ፣ ካውያው ጋ ማን ቆመ፣ ፈቃድ ማን አገኘ። ላይን ሊደሩ ክፉ ሳይሆንም በቋንቋው የሚግባባውን ያስቀድማል፤ ሥራው ይቀለዋል። አዋጁ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ማበላለጥን ይከለክላል። ክልከላው መስመር ላይ የሚሠራው ግን ወረቀት ሲኖር ነው።

የሚረዳው መሣሪያ ስኪል ማትሪክስ (የችሎታ ሰንጠረዥ) ነው። በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ከግራ የኦፕሬተሮቹ ስም፣ ከላይ የኦፕሬሽኖቹ ስም፣ በየሳጥኑ 25፣ 50፣ 75 ወይም 100። ደረጃው የሚሞላው በላይን ሊደሩ ግምት ሳይሆን በሚለካ ፈተና ነው፤ ለምሳሌ 20 ፍሬ በተመደበው ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ጥፋት ሳይኖር። ስንት ኦፕሬሽን በ75 ወይም ከዚያ በላይ ለምትችል ሰው ስንት ብር እንደሚጨመር ከሰሌዳው በታች ይጻፍ። ያኔ «የአገሯ ልጅ ስለሆነች ነው» የሚለው ወሬ ሰሌዳው ላይ መልስ ያገኛል፣ ወይም እውነት ሆኖ ይጋለጣል። ሰሌዳው ወር ሙሉ ካልታደሰ ሰው እምነት ስለሚያጣበት የሚያድሰው ሰው ከላይን ሊደሩ ውጭ ይሁን። የትርፍ ሰዓት ጥሪና የካውያ ተራም በዙር ዝርዝር ይሂድ፣ ዝርዝሩ ይለጠፍ።

ስድብም መጠቀስ አለበት። «ባላገር» ብሎ መጥራት፣ በአነጋገር ዘዬ መሳቅ፣ የሰውን አገር እያነሱ መውረፍ በሥራ ደንቡ ላይ በስም ተጽፎ የመጀመሪያው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የተደጋገመው ከዚያ የከበደ መሆን አለበት። ላይን ሊደር ከሆነ ከኃላፊነቱ ይነሳ። ከውጭ ለመጣ ቴክኒሻን ደግሞ ሰው መንካትና መጮኽ ክልክል መሆኑ በመጀመሪያው ቀን በቋንቋው ይነገረው፣ የሥራ ላይ አማርኛም ጥቂት ቃላት ይማር፦ ቁም፣ ቀስ በል፣ ደህና ነው፣ እንደገና፣ አመሰግናለሁ። የሥራ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ሙያውን ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍም የሚጠበቅበት ስለሆነ ተተኪው ከመጀመሪያው ወር ተለይቶ አብሮት ይቁም።

ምግብ፣ ጾምና በዓል

ወጥ ቤቱን እንደ ትንሽ ነገር ማየት ትልቅ ጥፋት ነው። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ከእርድ ጀምሮ ይለያል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ቢላዋው፣ የሚጨለፍበት መስኮት ሁሉ ተለይቶ ምልክት ይኑረው። አንድ ቀን ጭልፋ ከተቀላቀለ ወሬው ከሰዓት በፊት ሼዱን ያዳርሳል። ለሁለት መክፈል የማይችል ወጥ ቤት ሥጋውን ትቶ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና አትክልት ለሁሉም ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ ረቡዕና ዓርብንም በዚያው ይሸፍናል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱ ብዙ ሴቶች አሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ገብታ ቀን 8 ሰዓት የምትወጣ ልጅ ምሳውን ሳትበላ ነው የምትሄደው። ምሳውን ይዛ እንድትወጣ ይፈቀድላት፣ ወይም የጾሙን ወራት በሁለተኛው ሺፍት እንድትሠራ ትጠየቅ። በረመዳን ደግሞ የሁለተኛው ሺፍት የዕረፍት ሰዓት ከመግሪብ ጋር ይገጣጠም፤ ውሃና ቴምር እዚያው መስመሩ አጠገብ ቢቀርብ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መስመር ላይ የሚወድቁ ልጆች ሲበዙ ያለው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ጾምና ሙቀት ተደራርቦ ነው፣ በተለይ ካውያ ክፍል። በእነዚህ ወራት የካውያው ተራ ወደ ሁለት ሰዓት ርዝመት ይቀነስ። ቅዳሜ የማይሠሩ አድቬንቲስቶችን ደግሞ እሑድ ለጥገናና ለዝግጅት ሥራ ከሚገቡት ጋር ማለዋወጥ ይቻላል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁንና የሳምንት ዕረፍታቸው ቅዳሜ መሆኑ ይመዝገብ።

በዓል ላይ ያለው ትልቁ ጣጣ ከሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውጭ ነው። ፍቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ ዓመት ቀድሞ ካላንደር ላይ አይቀመጥም። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና በዝርዝሩ ቢኖርም ከአንድ ቀን በላይ የሚያስቀረው መስቀል ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጉራጌን ልጅ አገር ቤት ይጠራሉ። መስቀል ብላ ሄዳ የማትመለስ ሠራተኛ በየዓመቱ ትታያለች፤ እናት አትሂጂ ትላለች፣ ጓደኛ ስለ ዱባይ ያወራል። በዓሉን መከልከል አይቻልም፣ ብትከለከል ለቃ ትሄዳለች። ይልቅ ከወር በፊት ማን መቼ እንደሚሄድ ይመዝገብ፣ በሁለት ዙር ይከፈል፣ የዓመት ዕረፍቱ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ ከእሱ ይታሰብ፣ የምርት ዕቅዱም በዚያ ሳምንት አስቸኳይ ጭነት እንዳይኖረው ከደንበኛ ጋር ይነጋገሩበት። ግማሽ ደመወዝ ከበዓሉ በፊት፣ ትንሽ የመመለሻ ጉርሻ ደግሞ ከተመለሰች በሦስተኛው ቀን ቢሰጥ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይቀርም።

መንገድ ሲዘጋ ወይም አገር ቤት ግጭት ሲሆንም እንዲሁ ነው። ሕጉ ስንብት የሚፈቅደው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ለቀረ፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ላልታረመ ሰው ነው። በተዘጋ መንገድ የቀረችን ልጅ በዚህ ማሰናበት ፍርድ ቤት ተቀባይነት አያገኝም። የሠራተኛው ስልክ፣ የቤተሰብ አንድ ተጠሪ ስልክና የመጣበት ቀበሌ በፋይሉ ይኑር፤ ችግር ሲሰማ ደውሎ «ደህና ናችሁ?» ማለት ይቅደም።

ሴቶች፣ ሌሊት፣ አካል ጉዳት፣ ዕድሜ

ሁለተኛው ሺፍት ምሽት 4 ሰዓት ይወጣል። ሰርቪሱ ዋናው መንገድ ላይ አውርዷት ሃያ ደቂቃ በጨለማ የምትሄድ ልጅ ሥራውን የምትተወው በዚያ መንገድ ምክንያት ነው። የመውረጃ ቦታዎቹ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ይወሰኑ፣ በየስድስት ወሩም የኪራይ ሰፈሩ ሲቀየር ይታረሙ። የጾታ ትንኮሳ ቅሬታ በላይን ሊደር በኩል እንዳያልፍ አድርጉ፦ ሴቶች የሚበዙበት ኮሚቴ፣ የሚደወልበት ስልክ፣ ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለ ሳጥን፣ ጉዳዩ እስኪታይ ደግሞ ከመስመሩ የሚዘዋወረው ተከሳሹ እንጂ ከሳሿ አትሁን። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሆነ ትርፍ ሰዓት አትሠራም። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ስትመለስ የቀድሞ መሰላሏ ላይ አትጀምር፤ ሁለት ሳምንት ይሰጣት።

መስማት የተሳናቸው ኦፕሬተሮች በስፌት ሥራ ጎበዝ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ነው፦ የእሳት ማንቂያ ደወሉ ላይ ብልጭ የሚል መብራት፣ ምልክት ቋንቋ የሚያውቁ ሁለት የመስመር ባልደረቦች፣ የጽሑፍና የፎቶ መመሪያ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ዕድሜን በተመለከተ መታወቂያ ብቻ አይታመን፤ የትምህርት ማስረጃና ፋይዳ ይታይ። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትና ትርፍ ሰዓት መሥራት የለበትም።

60ው ቀንና መውጫው

የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ አሥር ሳምንት ገደማ። በዚህ ውስጥ ቀድመው የሚታወቁ የመነጋገሪያ ቀኖች ይኑሩ፦ በ3ኛው ቀን (ማደሪያ አገኘሽ? ምሳው እንዴት ነው?)፣ በ10ኛው ቀን፣ ከመጀመሪያው ደመወዝ ማግስት ወረቀቱን አብሮ ለማንበብ፣ በ30ኛውና በ50ኛው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ የምታናግራት ግን ቋንቋዋን የምትሰማ የሰው ኃይል ሠራተኛ ትሁን። የለቀቁትን ስታስቡ ደግሞ በመስመር፣ በመጡበት አካባቢ፣ በሺፍትና በስንተኛው ሳምንት ከፋፍላችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ችግር የመሰለው የአንድ ላይን ሊደር ወይም የአንድ ሰርቪስ መስመር ሆኖ ይገኛል።

መልቀቅ የፈለገች ሰው በሕጉ 30 ቀን ቀድማ ማሳወቅ አለባት፣ ካላሳወቀች ካሣ ሊጠየቅባት ይችላል። ይህን ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ሰዎች ሳይናገሩ እንዲጠፉ ነው የሚያደርገው፤ ለተተኪ የምታዘጋጁበት ጊዜም ይጠፋል። ክሊራንስ በአንድ ቀን ይለቅ፣ የሚገባት ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል፣ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጣት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሕግ ግዴታዎች ሲሆኑ ሦስቱም የሚዘገዩት በቸልታ ነው። ስልኳ ይያዝ። ትዕዛዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚደወለው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ሌላ ቦታ ሞክረው፣ ወልደው ወይም ከአረብ አገር ተመልሰው የሚመጡ አሉ። ያው አሠሪ ለዚያው ሥራ መልሶ ሲቀጥር እንደገና የሙከራ ጊዜ ማድረግ አይፈቀድም፤ የድሮ ስኪል ማትሪክሷ ከፋይሏ ይውጣ፣ 20 ፍሬ ሰፍታ ትፈተን፣ ባገኘችው ደረጃ ደመወዟ ይቆረጥ።